ልጓም የሌለው ሙቀት

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት እንሽላሊት ነው። "ሌላ ወሬ ጠፍቶ ነው?" ብትሉ አልፈርድባችሁም። እኔም ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስልኬ ላይ ቢመጣ በአውራ ጣቴ ገፋ አድርጌ አልፈው ነበር። ግን ይህች እንሽላሊት በእኔ ምክንያት ሆዷ ተቃጥሏል። 28 ዶላር ላተርፍ ብዬ! አንድ የ11 ዓመት ልጅ ደግሞ ጉዱን ቆሞ አይቷል። ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ የሚሞቅ ነገር ሰክታችሁ ለምትተኙ ሁሉ፣ ሥሩ ያለው እንሽላሊትም ይሁን ጫጩት፣ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ሽሮ እንዴት መጣች

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በታላቅ እህቴ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነው። ማታ መኪና ማቆሚያ እሠራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ። የእህቴ ልጅ ናሆም ትምህርት ቤት ውስጥ በመስታወት ሳጥን የምትኖር ጌኮ አይቶ ከመጣ ጀምሮ ቤቱ ሰላም አጣ። ጠዋት ጌኮ፣ ማታ ጌኮ። እህቴ ራሄል ደግሞ፣ "ከአገሬ ወጥቼ፣ ሁለት ሥራ ሠርቼ፣ ጭራሽ እንሽላሊት ልቀልብ?" ብላ አሻፈረኝ አለች።

ድርድሩ አንድ ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ ስምምነቱ እንዲህ ሆነ፦ እንሽላሊቷ ትገባለች፤ ላይኛው ቤት ግን ድርሽ አትልም፤ መኖሪያዋ "አጎትህ ጋ" ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ዝርያዋን ሌፐርድ ጌኮ ይሉታል። ቢጫ ቆዳዋ ላይ እንደ ነብር ጥቁር ነጠብጣብ አለባት። የዘሯ አገር አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ነው፤ ደረቅና ድንጋያማ ቦታ። ጭራዋ ወፍራም ነው፤ ልክ እንደ በግ ላት ስቡን እዚያ ታከማቻለች። ከአብዛኞቹ ጌኮዎች በተለየ ቅንድብ ቆብ ስላላት ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ስትተኛ ሰው ሰው ትላለች። ናሆም ቀለሟን ዓይቶ "ሽሮ" አላት። እህቴ እንኳን በስሙ ስቃለች።

አንድ ነገር ግን መጀመሪያ ማወቅ ነበረብን፤ እነዚህ እንስሳት በደንብ ከተያዙ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራሉ። ናሆም ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፣ ሥራ ይዞም ሽሮ ልትኖር ትችላለች። የሳምንት መጫወቻ አይደለችም።

ቤት ውስጥ ቆላና ደጋ

እኛ ሲበርደን ጋቢ እንደርባለን። ጋቢው ግን ራሱ አያሞቅም፤ ሰውነታችን የሚያነደውን ሙቀት ነው የሚይዝልን። ተሳቢ እንስሳት ይህ የውስጥ እሳት የላቸውም። ሽሮን አሥር ጋቢ ብትደራርቡባት አትሞቅም። ሙቀቷን ከውጭ፣ ከድንጋዩና ከፀሐይ ነው የምትበደረው። ካልሞቀች የበላችው አይፈጭላትም፤ ትደክማለች፤ በሽታ መከላከልም ያቅታታል።

ችግሩ፣ ሳጥኑን በሙሉ ማሞቅም መፍትሔ አይሆንም። የሚያስፈልጋት ምርጫ ነው። በሳጥኗ አንድ ጫፍ ቆላ፣ በሌላው ጫፍ ደጋ። ለሌፐርድ ጌኮ ሞቃቱ ወለል ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ከ22 እስከ 25 ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። ስትበላ ወደ ቆላ ትወርዳለች፣ ሲበዛባት ወደ ደጋ ትወጣለች። ቢርድድ ድራጎን የሚባለው የአውስትራሊያው ዘመዷ ደግሞ ፀሐይ መሞቂያው 40 ዲግሪ አካባቢ ካልሆነ ደስ አይለውም። እያንዳንዱ የራሱ ቆላ አለው ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት የእንስሳውን ቁጥር ማወቅ ይቀድማል።

እኔ ይህን ሁሉ አንብቤ ነበር። ቁጥሩን በቃሌ ይዤው ነበር። ያልገባኝ፣ ቁጥሩን የሚጠብቀው ማነው የሚለው ነው።

28 ዶላር

ሳጥኑን ያገኘሁት ቤት ከሚለቅ ሰው ላይ ነው። የመስታወት ሳጥን፣ መደበቂያ ዋሻ፣ ከሥር የሚለጠፍ ማሞቂያ ምንጣፍ፣ ሁሉም በ60 ዶላር። "መቆጣጠሪያስ?" አልኩት። "አያስፈልግም፣ ዝም ብለህ ሰካው፤ እኔ ለዓመታት እንዲሁ ነው የተጠቀምኩት" አለኝ።

ናሆምና እኔ ግን ለማንኛውም ብለን ሱቅ ሄድን። ቴርሞስታቱን ከመደርደሪያ አነሳሁት፤ ናሆም ካርቶኑን ገልብጦ ማንበብ ጀመረ። 28 ዶላር። ምግቧን፣ ዕቃዋን፣ እሷን ራሷን ስደምር ለአንዲት እንሽላሊት ያወጣሁት ብር አንገበገበኝ። "ሌላ ጊዜ እንገዛዋለን" ብዬ መለስኩት። ናሆም ምንም አላለም። ዕቃው ወደ መደርደሪያው ሲመለስ ግን በዓይኑ ተከተለው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ሰላም ነበሩ። የሳጥኑ ግድግዳ ላይ የለጠፍናት ክብ ቴርሞሜትር ሁልጊዜ 24፣ 25 ታሳያለች። እኔም "ይኸው፣ ልክ ነው" እላለሁ። ልብ በሉ፤ ያቺ ቴርሞሜትር የምትለካው ግድግዳው አጠገብ ያለውን አየር ነው። ሽሮ የምትተኛው ወለል ላይ ነው።

ጥር ወር ላይ ናሆም ሳጥኑን "እንደ በረሃ" ላድርገው ብሎ አራት ጣት የሚሆን አፈር አለበሰው። አማረ። ግን አፈሩ ከሥር ለሚመጣው ሙቀት ልክ እንደ ጋቢ ሆነበት። ሙቀቱ ወደ ላይ መውጣት ሲያቅተው እታች መስታወቱ ላይ ተጠራቀመ። ላይኛው አፈር ቀዘቀዘ። ሽሮ ሙቀት ስትፈልግ ቆፈረች፤ መስታወቱ ጋ ደረሰች፤ እዚያው ተኛች።

ቀን እንቅልፌን ስለጥጥ ናሆም ከትምህርት ቤት መጥቶ ቀሰቀሰኝ። "አጎቴ፣ የሽሮ ሆድ ቀልቷል።" ሆዷ ላይ የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል ቆዳ ተገሽልጦ፣ ዙሪያው ቀልቶ አየሁ። መኪና ከሚጠግን ጓደኛዬ ያንን እንደ ሽጉጥ የሚደገን ሙቀት መለኪያ ተውሼ መስታወቱ ላይ ደገንኩት። 118 ፋራናይት። በእኛ ቋንቋ 48 ዲግሪ ገደማ መሆኑ ነው። ግድግዳው ላይ ያለችው ቴርሞሜትር እኮ አሁንም 24 ትላለች!

ሐኪሟ ቁስሉን አጠበች፣ ቅባት አዘዘች፣ አፈሩን አውጥተን ንጹሕ የወጥ ቤት ወረቀት እንድናነጥፍ ነገረችን። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ማሞቂያውን የሚቆጣጠረው ምንድን ነው?" አለች። ዝም አልኩ። በማሞቂያ የተቃጠሉ ተሳቢ እንስሳት ማየት ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም። ሂሳቡ 260 ዶላር መጣ።

መኪና ውስጥ ናሆም ሽሮን በትንሽ ዕቃ ጭኑ ላይ አድርጎ በመስኮት ውጪ ውጪውን ያያል። ትንሽ ቆየና፣ "አጎቴ፣ ያንን ዕቃ ግን ለምን መለስከው?" አለኝ። ወቀሳ አልነበረም፤ እንዲያው ሊገባው ፈልጎ ነው። መልስ አልነበረኝም። ይህንን ሁሉ የምጽፈው ያኔ መልስ ስላጣሁ ነው መሰለኝ።

የእናቴ አምፖል

እሑድ እናቴ ጋ ስደውል ነገሩን አወራኋት። ትስቃለች ብዬ ነበር። "አንተ ልጅ፣ የኛን ጫጩቶች ረሳሃቸው እንዴ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ረስቻለሁ። አዲስ አበባ፣ ልጆች ሆነን፣ እናቴ ጫጩት ገዝታ ካርቶን ውስጥ ታሳድግ ነበር። አንድ አምፖል በገመድ ከላይ ታንጠለጥላለች። ጫጩቶቹ አምፖሉ ሥር ተጨናንቀው እርስ በርስ ከተደራረቡ በርዷቸዋል ማለት ነው፤ ገመዱን ዝቅ ታደርጋለች። ከአምፖሉ ሸሽተው ዳር ዳሩን ከያዙ ደግሞ ሞቋቸዋል፤ ከፍ ታደርገዋለች። በየቦታው ተበታትነው ከጫሩ ደህና ናቸው። ሌሊት ሁለት ሦስቴ እየተነሳች ታያቸዋለች። ቴርሞሜትር የሚባል ነገር ቤታችን አልነበረም።

ቴርሞስታት ምን እንደሚሠራ ሳስረዳት ትንሽ አሰበችና፣ "እንግዲያው ሌሊት እኔ የምነሳውን ይነሳልሃል በለኛ!" አለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የትም አላነበብኩም።

ታሪኩም ቢሆን ከእሷ ካርቶን ሩቅ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኮርኔሊስ ድሬበል የሚባል የኔዘርላንድስ ተወላጅ ሙቀቱን ራሱ የሚያስተካክል ምድጃ ሠርቶ ነበር፤ አንዱ አገልግሎቱም እንቁላል መፈልፈል ነበር። ሙቀት ሲበዛ ፈሳሹ ይለጠጣል፣ የተለጠጠው ፈሳሽ የምድጃውን አየር ይዘጋል፣ እሳቱ ይቀንሳል። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የምናገኘው ዕቃ ያው ሐሳብ ነው። የሚለካ አለው፣ የሚያዝ አለው፣ የሚታዘዘው ማሞቂያው ነው።

ማሞቂያ እንደ ፈረስ ነው። ኃይሉን እንፈልገዋለን፤ ያለ ልጓም ግን የት እንደሚያደርሰን አናውቅም።

የትኛው ልጓም ለየትኛው ፈረስ?

ወደ ሱቁ ተመልሼ ስሄድ ያ ቀላል የመሰለኝ ነገር ሦስት ዓይነት ሆኖ ጠበቀኝ። ዋጋቸውም ሥራቸውም ይለያያል። ውድ የሆነው ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም፤ ከማሞቂያችሁ ጋር የሚገጥመው ነው የሚሻለው።

አንደኛው አብሪ አጥፊው ነው። ካውያ ስትተኩሱ መብራቷ በርታ ትጠፋ የለ? እንደዚያ ነው። ሙቀቱ ከታዘዘው በታች ሲወርድ ሙሉ ኃይል ይለቃል፣ ሲደርስ ቀጥ ያደርጋል። ስለዚህ ሙቀቱ በአንድ ሁለት ዲግሪ ከፍ ዝቅ ይላል። ቀስ ብሎ ለሚሞቅና ቀስ ብሎ ለሚቀዘቅዝ ነገር፣ እንደ ማሞቂያ ምንጣፍ ላለው፣ በቂ ነው። ዋጋውም ከሁሉም ይቀላል። እኔ የመለስኩት ይሄንን ነበር።

ሁለተኛው የሚያደበዝዘው ነው፤ ዲመር ይሉታል። ኃይሉን ቀጥ ከማድረግ ይልቅ ቀስ እያለ ይቀንሰዋል፣ ይጨምረዋል። ብርሃን እየሰጡ ለሚያሞቁ አምፖሎች የሚሆነው እሱ ነው። አምፖልን በአብሪ አጥፊው ብታሠሩት ቀኑን ሙሉ ቦግ እልም ሲል ይውላል፤ እንስሳው ይረበሻል፣ አምፖሉም ቶሎ ይቃጠላል። ጥንቃቄ ግን አለ። አልትራ ቫዮሌት የሚሰጡ የሜርኩሪ አምፖሎችና ለብርሃን ብቻ የሚሆኑ ኤልኢዲዎች ዲመር ላይ አይሰኩም።

ሦስተኛው በትርታ የሚሠራው ነው፤ ፐልስ ይባላል። ኃይሉን እንደ ልብ ምት በአጭር በአጭሩ ይልካል፤ መሞቅ ሲያስፈልግ ትርታው ይደጋገማል፣ ሲሞቅ ይራራቃል። ሙቀቱን ከአብሪ አጥፊው ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል። ብርሃን ለሌላቸው ማሞቂያዎች ነው፤ በተለይ ሴራሚክ ለሚባለው፣ አምፖል መስሎ ብርሃን ለማይሰጠው። አምፖል ላይ ብትሰኩት ግን መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ያድራል። ሴራሚኩ ራሱ እጅግ ስለሚግል መያዣው ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል፤ መያዣውም ሴራሚክ መሆን አለበት። እንስሳው ዘሎ እንዳይለጠፍበትም የሽቦ አጥር ይደረግለታል።

ሌላም አለ፤ ድንጋይ መስሎ ውስጡ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያለው ማሞቂያ። ርካሽ ነው፣ ያምራል። አንዱ ቦታው ሲግል ሌላው ይቀዘቅዛል፤ እንስሳት ከሚቃጠሉባቸው ዕቃዎች አንዱ እሱ ነው። እኔ ብሆን አልነካውም።

ዓይነቱን ከመረጣችሁ በኋላ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት አንብቡ። 100 ዋት የሚችል ቴርሞስታት ላይ 150 ዋት ማሞቂያ አይሰካም። ምንጣፎች ብዙ ጊዜ ከ20 ዋት በታች ስለሆኑ አያስጨንቁም፤ አምፖልና ሴራሚክ ግን ያስጨንቃሉ።

ማሞቂያውንም ከሚያስፈልገው በላይ ጉልበተኛ አታድርጉት። ቴርሞስታት ልክ እንደ ማንኛውም ዕቃ ይበላሻል። ሲበላሽ ወይ ጠፍቶ ይቀራል፣ ወይ ውስጡ ያለችው ማብሪያ ተጣብቃ በርቶ ይቀራል። ጠፍቶ ከቀረ እንስሳው አንድ ሌሊት ይበርደዋል፤ ጠዋት ትደርሱለታላችሁ። በርቶ ከቀረ ግን ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። ማሞቂያው መጠነኛ ከሆነ፣ ልጓሙ ቢበጠስ እንኳን ፈረሱ ሩቅ አይሮጥም።

ሽቦዋ የት ናት?

ቴርሞስታት ገዝታችሁ ስትሰኩት ጫፏ ላይ መለኪያ ያላት ቀጭን ሽቦ ታገኛላችሁ። ሴንሰሯ እሷ ናት። ዕቃው ዓለምን የሚያየው በእሷ ብቻ ነው። እሷን የት እንደምታስቀምጡ ካላወቃችሁ የ30 ዶላሩም የ150 ዶላሩም ዕቃ ያው ነው።

ለምንጣፍ ከሆነ፣ እንስሳው የሚተኛበት ሞቃት ወለል ላይ፣ ልክ ምንጣፉ ባለበት አናት፣ እንዳትነቃነቅ ተደርጋ ትያዛለች። ለአምፖል ከሆነ ፀሐይ መሞቂያው አጠገብ፣ ሙቀቱ የሚደርስበት ቦታ። ሙጫው በሙቀት የሚለቅ ፕላስተር አትጠቀሙ፤ ሙጫው እንስሳው ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ይህንን የተማርኩት ሁለተኛ ልደነግጥ ስል ነው። ሽሮ ካገገመች በኋላ አንድ ቅዳሜ ናሆም ሳጥኑን አጸዳ። ሴንሰሯን አወጣ፣ ወለሉን ወለወለ፣ ሽሮን መለሰ፣ ሴንሰሯን ረሳት። ውጪ፣ ጠረጴዛው ላይ ቀረች። ጠረጴዛው 20 ዲግሪ ነው። ቴርሞስታቱ ምን ያስባል? "ቤቱ ቀዝቅዟል፣ አሙቅ!" ይላል። ማሞቂያው ይታዘዛል። ጠረጴዛው ግን ሳጥን ውስጥ ስላልሆነ መቼም 33 አይደርስም። ስለዚህ ማሞቂያው መቼም አይጠፋም። ዕቃው ምንም አልተበላሸም፤ የታዘዘውን በትክክል እየሠራ ነው ያለው።

ያን ቀን ያዳነን ሌላ ትንሽ ዕቃ ናት። ከሐኪም ቤት መልስ አንዲት የራሷ ሴንሰር ያላት፣ ሙቀት ሲያልፍ የምትጮህ ቴርሞሜትር ገዝቼ ወለሉ ላይ አድርጌ ነበር። ከቴርሞስታቱ ጋር ምንም ግንኙነት የላትም። 36 ላይ ጮኸች። ተነስቼ ነቀልኩት። ናሆም ከላይ እየሮጠ ወረደ፣ ሴንሰሯን ጠረጴዛው ላይ አያት፣ ፊቱ ተለዋወጠ።

"እኔ ነኝ የረሳኋት" አለ።

"አዎ። እኔም ያን ጊዜ ሳልገዛው ቀርቼ ነበር" አልኩት። ለመኪናው ጥያቄ የሰጠሁት መልስ እሱ ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሕጉ ይህ ነው፦ የሚቆጣጠር አንድ ዕቃ፣ የሚቆጣጠረውን የሚያይ ሌላ ዕቃ። አቅም ያለው ሁለተኛ ቴርሞስታት በተከታታይ ይሰካል፤ የመጀመሪያው 33 ላይ ከሆነ ሁለተኛው 36 ላይ ተደርጎ፣ የመጀመሪያው ተጣብቆ ቢቀር ሁለተኛው ይቆርጠዋል።

"ስልኬ አይቆጣጠረውም እንዴ?"

ይህችን ጥያቄ ናሆምም ጠይቆኛል፣ እናንተም ትጠይቃላችሁ። በስልክ የሚታዘዙ ሶኬቶች አሉ፤ ርካሽ ናቸው፣ በሰዓት ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ሰዓት ግን ሙቀት አይደለም። ሶኬቱ "ከ2 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት አብራ" ብትሉት ያበራል፤ ሳጥኑ 30 ይሁን 50 አያውቅም። ለብርሃን አምፖል ይሁናችሁ እንጂ በቴርሞስታት ቦታ አትጠቀሙበት። ስልክ ላይ ማስጠንቀቂያ የሚልክ ቴርሞሜትር ግን ግሩም ነገር ነው፤ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሽሮን ቆላና ደጋ አያለሁ። ዋይፋይ ቢጠፋ ሙቀቱን መጠበቅ ያለበት ግን እዚያው ያለው ዕቃ ነው፣ ስልኬ አይደለም።

እንደ ሽጉጥ ስለሚደገነው መለኪያም አንድ ነገር ልበል። ኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው የሰው ሰውነት ለመለካት የተሠራ ስለሆነ ለወለል አይሆንም። የጋራዡን ዓይነት ግዙ። በሳምንት አንዴ ወለሉ ላይ ደግኑት፤ ቴርሞስታቱ ከሚለው ጋር ካልተስማማ መለኪያው እውነቱን ነው ብላችሁ ምክንያቱን ፈልጉ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ዕቃው ፋራናይት ላይ ይሁን ሴንቲግሬድ ላይ ሳታዩ ቁጥር አታስገቡ። በሴንቲግሬድ 33 የምንለው በፋራናይት 91 ገደማ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ወይ ያቀዘቅዛል፣ ወይ ይጠብሳል።

አገር ቤት ላላችሁ

"እኛ እንሽላሊት አናሳድግም" የምትሉ ወዳጆቼ፣ ጫጩት ታሳድጋላችሁ። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እየቀነሳችሁ ትሄዳላችሁ። ከላይ ያልኩት ስለ ሴንሰር፣ ስለ ዋትና ስለ ሁለተኛ መለኪያ ለካርቶኑም ያገለግላል። ሴንሰሯ ጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ላይ ትሁን። አምፖሉን በሽቦው ብቻ አታንጠልጥሉት፤ ገለባና ካርቶን ላይ ከወደቀ የሚነደው ጫጩቱ ብቻ አይደለም።

ዘመድ ከአሜሪካ ዕቃ ልላክ ካላችሁ ቮልቱን ጠይቁት። እዚህ 120 ነው፣ እናንተ ጋ 220። ለ120 ብቻ የተሠራ ቴርሞስታት አዲስ አበባ ላይ ሲሰካ ያገለግል ይሆናል ብላችሁ አትሞክሩት፤ ይቃጠላል። ሁለቱንም የሚችል ከሆነ ጀርባው ላይ ተጽፏል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የትኛውም ቴርሞስታት አይረዳም። ሳጥኑን ወይም ካርቶኑን በብርድ ልብስ ሸፍኑት፣ አየር መግቢያ ግን ተዉለት። ሙቅ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አንድ ጥግ ላይ አስቀምጡ። እንሽላሊት ከሆነች እስክትሞቅ ድረስ አታብሏት። መብራቱ ሲመጣ ሴንሰሯ ቦታዋ ላይ መሆኗን እዩ።

ሽሮ ዛሬ

ቁስሉ ድኗል። ሆዷ ላይ ትንሽ የነጣ ጠባሳ ቀርቷል፤ የማያውቅ ሰው ከቆዳዋ ቀለም አይለየውም። ናሆምና እኔ ግን እናውቃታለን።

እህቴ ራሄል እስካሁን "አልነካትም" ባይ ናት። ግን ማታ ማታ ልብስ ላጥብ ብላ ወደ ቤዝመንት ስትወርድ፣ ማሽኑን ከማስነሳቷ በፊት ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን ስታይ ደርሼባታለሁ። "33 ይላል፣ ደህና ነው አይደል?" ትለኛለች። ደህና ነው።

ባለፈው ሰሞን የናሆም የክፍል ጓደኛ ቤታችን መጣ። ሽሮን ዓይቶ ነሸጠው፤ እሱም ሊገዛ ነው። ስንት ብር ማጠራቀም እንዳለበት ናሆምን ጠየቀው። ናሆም እንሽላሊቷ ስንት እንደሆነች አልነገረውም፤ ሳጥኑም ስንት እንደሆነ አልነገረውም። ሳጥኑን ወደ ጎን አዙሮ ከኋላ ያለችውን ጥቁር ዕቃ አሳየው።

"መጀመሪያ ይህቺን ግዛ" አለው። "ሌላው ይደርሳል።"